ኤሊዋን ከበረዶው ሥር አታውጧት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ነው። ቤታችን ለኮሞ ሐይቅ ቅርብ ስለሆነ በሙቀቱ ወራት ኤሊዎች ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ሲሞቁ የ8 ዓመት ልጄ ቆሞ ማየት ይወዳል። አሁን ሐይቁ በበረዶ ሲጋገር «እማዬ፣ ኤሊዎቹ አየር አያጥራቸውም?» እያለ ይጨነቅ ጀመር። በቀደም መዶሻ ይዞ በረዶውን ሊሰብርላቸው ሲወጣ በር ላይ ያዝኩት። «ክረምቱን ተኝተው ነው የሚያሳልፉት» ብለው «የተኛ ሰውም ይተነፍሳል እኮ» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? (ወ/ሮ ሀ.፣ ከሴንት ፖል)

መልስ፦ ወይዘሮ ሀ.፣ ልጅዎ የጠየቀው ብዙ አዋቂ ሳያስተውል የሚያልፈውን ነገር ነው። «ይተኛሉ» ስንል የመለስን ይመስለናል፤ እሱ ግን እንቅልፍ የትንፋሽን ቦታ እንደማይሸፍን ገብቶታል። ስለዚህ መልሱን ሳላሳንሰው እጽፋለሁ፤ እርስዎ ደግሞ በሚገባው ቋንቋ ያስረዱት።

ግንድ ላይ የሚያዩአቸው፣ አንገታቸውና እግራቸው ላይ ቢጫና ቀይ መስመር ያለባቸው ኤሊዎች እዚያ አገር «ፔይንትድ ተርትል» የሚባሉት ናቸው። እኔ ባለቀለም ኤሊ እላቸዋለሁ። ጥቅምት ላይ ውሃው ሲቀዘቅዝ ወደ ሐይቁ ወለል ይወርዱና ጭቃው ላይ፣ አንዳንዴም ጭቃው ውስጥ ገባ ብለው ይቀመጣሉ። ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ነው። ስለዚህ ከላይ በረዶ ቢጋገርም ወለሉ ላይ ያለው ውሃ 3 እና 4 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይከርማል እንጂ አይረጋም። ኤሊዋ በረዶ አትሆንም ማለት ነው። ከኅዳር ገደማ እስከ መጋቢት ማብቂያ ግን አፍንጫዋን ከውሃ በላይ የምታወጣበት ቀዳዳ የላትም።

መጀመሪያ ላይ ውሃው ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን አለ። በዚያ ብርድ የሚያስፈልጋት ጥቂት ስለሆነ በቆዳዋ፣ በአፏና በጉሮሮዋ ስስ ሽፋን፣ በመጠኑም በጭራዋ ሥር ባለው ቀዳዳ በኩል ትስበዋለች። «ኤሊ በኋላዋ ትተነፍሳለች» የሚለው ወሬ በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚዞረው ከዚህ ተነሥቶ ነው። በዚህ በኩል በእርግጥ የሚደነቀው አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ የሚኖረው የፊትዝሮይ ወንዝ ኤሊ ነው፤ ከሚያስፈልገው ኦክስጅን ብዙውን በዚያ መንገድ ማግኘት ይችላል። የሚኒሶታዋ ኤሊ ግን ሕይወቷን የምታቆየው በዚህ አይደለም። በረዶው ላይ አመዳይ ሲከመር ብርሃን ወደ ውሃው አይገባም። ብርሃን ከሌለ የውሃ ውስጥ ዕፅዋት ኦክስጅን አይሠሩም፤ ጭቃው ውስጥ የሚበሰብሰው ቅጠል ደግሞ የነበረውን ይጨርሰዋል። ጥልቀት በሌላቸው ሐይቆችና ኩሬዎች በረዶው ሲቀልጥ ዓሦች ሞተው የሚንሳፈፉት በዚህ ምክንያት ነው። ዓሣው ኦክስጅን አጥቶ በሞተበት ውሃ ውስጥ ኤሊዋ በሕይወት ትወጣለች።

ይህ እንዴት ይሆናል? እኛ ስኳርን በኦክስጅን አቃጥለን ከአንዲት የግሉኮስ ሞለኪዩል 30 ገደማ ኤቲፒ እናገኛለን፤ ኤቲፒ ማለት ሕዋስ የሚሠራበት ጉልበት ነው። ኦክስጅን ሲጠፋ ከዚያችው ግሉኮስ የሚገኘው 2 ብቻ ነው፤ ተረፈ ምርቱም ላክቲክ አሲድ ነው። ኦክስጅን ያጣ አካል እንግዲህ ሁለት ሞት ይጠብቀዋል፤ ወይ ጉልበት ያልቅበታል፣ ወይ የራሱ አሲድ ይገድለዋል። ባለቀለሟ ኤሊ ከሁለቱም ታመልጣለች፤ ያመለጠችበትን መንገድ ለማወቅ ሳይንቲስቶች ብዙ ዓመት ደክመዋል።

እ.ኤ.አ. በ1963 ዳንኤል ቤልኪን የተባለ ተመራማሪ ልዩ ልዩ ተሳቢ እንስሳትን ኦክስጅን በሌለው ናይትሮጅን ውስጥ አስቀምጦ የሚቆዩበትን ጊዜ ለካ። እባቡም እንሽላሊቱም አዞውም በአማካይ አንድ ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነበር የቆዩት፤ ኤሊዎቹ ግን ለብዙ ሰዓታት ዘለቁ። ከዚያ በኋላ በብራውን ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ጃክሰን፣ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጎርደን አልች ሥራቸውን በባለቀለሟ ኤሊ ላይ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1982 አብረው ባወጡት ጥናት ኤሊዎቹን በ3 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለወራት አስጥመው ያዩትን አቀረቡ። ምዕራባዊቷ ባለቀለም ኤሊ በ20 ዲግሪ ሙቀት ያለ ኦክስጅን የምትቆየው አንድ ቀን ወይም ከዚያ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በ3 ዲግሪ ግን ከ3 ወር በላይ፣ እስከ 4 ወር ገደማ ትቆያለች።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ የእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ልዩነት ነው። ኤሊዋ ያው ናት፣ ውሃውም ኦክስጅን የለውም፤ የተለየው ሙቀቱ ብቻ ነው። እኛ ከደጋም ከቆላም የመጣን ሰዎች ብርድን እንደ በሽታ ነው የምናየው። እሷን ግን የሚያኖራት ብርዱ ነው።

ማታ እናቶቻችን ምድጃው ላይ የቀረውን ፍም በአመድ ሲያዳፍኑት አስታውሱ። እሳቱ አይነድም፣ አይጠፋምም፤ ንጋት ላይ አመዱ ሲገለጥ ቀይ ሆኖ ይገኛል። ኤሊዋ ሰውነቷን የምታዳፍነው በሁለት ደረጃ ነው። ብርዱ በመጀመሪያ የሰውነቷን ሥራ በብዙ እጥፍ ያቀዘቅዘዋል። ኦክስጅን ሲያልቅ ደግሞ ከዚያ ከተረፈው ላይ ቀንሳ ወደ 10 በመቶ ገደማ ታወርደዋለች። ልቧ በደቂቃ አንድ ጊዜ እንኳ አይመታም። ጡንቻዋ አይሠራም፣ ምግብ አትፈጭም፣ ሕዋሶቿ አዲስ ፕሮቲን መሥራታቸውን ከሞላ ጎደል ያቆማሉ። ከብርዱ በፊት በጉበቷ ያከማቸችውን ግላይኮጅን፣ ማለትም የተጠራቀመ ስኳር፣ በጥቂት በጥቂቱ እየቆነጠረች ትከርማለች።

አሲዱ ግን ቀስ ብሎም ቢሆን ይጠራቀማል። ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ ያለው ላክቴት፣ ማለትም ከላክቲክ አሲዱ የሚገኘው ንጥረ ነገር፣ 1 ሚሊሞል ገደማ ነው፤ ሯጭ አቅሙን አሟጦ ሲጨርስ 20 አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ከ3 ወር በኋላ በኤሊዋ ደም የተለካው ከ150 በላይ ነው። ይህን ያህል አሲድ የተሸከመ ሌላ እንስሳ በአንድ ቀን ይሞት ነበር።

የሚያድናት ቅርፊቷ ነው። ይህን ለልጅዎ ለማሳየት ወጥ ቤት ይበቃዎታል። ሥነ ሕይወት አስተምር በነበረበት ጊዜ ተማሪዎቼ ከሁሉ የሚወዱት ሙከራ ነበር። ጥሬ እንቁላል በብርጭቆ አድርገው አቼቶ ይሙሉበት። ወዲያው ቅርፊቱ ላይ ጥቃቅን አረፋ ይይዛል፤ በማግስቱ ጠንካራው ቅርፊት ሟምቶ እንቁላሉ በስሱ ሽፋን ብቻ ተይዞ ይገኛል። የእንቁላሉ ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ካርቦኔቱ ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ የአሲዱን ኃይል ይሰብረዋል፣ አረፋውም ከዚያ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጃክሰንና ባልደረቦቹ ያገኙት ይኸው ነገር ኤሊዋ ሰውነት ውስጥ እንደሚካሄድ ነው። ከቅርፊቷና ከአጥንቷ የካልሲየምና የማግኒዝየም ካርቦኔት እየተፈታ ወደ ደሟ ይገባና አሲዱን ያበርደዋል። ላክቴቱም ራሱ በተራው ወደ ቅርፊቱ ይገባል፤ ሰውነቷ ካፈራው ላክቴት ግማሽ ገደማው ክረምቱን ቅርፊቷና አጥንቷ ውስጥ ተቀምጦ ያልፋል። ለብዙ ዘመን ቅርፊቷን ከጠላት መከላከያ ብቻ አድርገን ነበር የምናየው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆኑት እዚያው አገር ያሉ ዘመዶቿ ናቸው። በሚሲሲፒ ወንዝ የሚኖረው፣ ጀርባው እንደ ቆዳ የለሰለሰው ኤሊ ውሃ ውስጥ ካለ ኦክስጅንን በመሳብ ከባለቀለሟ ይበልጣል። የአጥንት ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ግን አሲድ የሚያበርድበት ነገር የለውም። ኦክስጅን ከጠፋ የሚቆየው ሳምንታትን ነው እንጂ ወራትን አይደለም፤ ስለዚህ ኦክስጅን ያለበት ውሃ ፈልጎ መክረም አለበት። በሚገባ የሚተነፍሰው ይሞታል፤ የተዳፈነችውና ጠንካራ ቅርፊት ያላት ትኖራለች።

መጋቢት ማብቂያ ላይ በረዶው ሲቀልጥ ኤሊዋ ብቅ ብላ ትተነፍስና ግንድ ፍለጋ ትወጣለች። ልጅዎ የሚወደው የፀሐይ ሙቀት ሰልፍ እንግዲህ ሕክምናም ነው። ሰውነቷ ሲሞቅ ጉበቷ ላክቴቱን መልሶ ግላይኮጅን ያደርገዋል፣ ካልሲየሙም ወደ ቅርፊቱ ይመለሳል። ይህ በአንድ ጀምበር የሚያልቅ አይደለም፤ በዚያ ጊዜ ግንድ ላይ ያለች ኤሊ በድንጋይ ወይም በውሻ እየተባረረች ውሃ ውስጥ መግባት የለባትም።

አሁን ወደ መዶሻው። በረዶው ላይ የሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ ለሐይቁ ይህ ነው የሚባል ኦክስጅን አያስገባም። ከዚህ የሚከፋው «በርዷታል» ብሎ አውጥቶ ቤት ማስገባት ነው። ኦክስጅን አጥታ የቆየችን ኤሊ በድንገት ማሞቅ የተዳፈነውን ሰውነት ሳይዘጋጅ ማስነሣት ነው። ደግሞም ሙሉ በሙሉ የደነዘዘች አይደለችም፤ በዚያ ብርድ ውስጥ ሆና እንኳ ብርሃን ሲጨምርና ሙቀት ሲነሣ እንደምትነቃቃ ተመራማሪዎች አይተዋል። ሁሉም በሕይወት ይወጣሉ ብዬ ግን ልጁን አላታልለውም። ክረምቱ ከተለመደው ሲረዝም ወይም ኩሬው እስከ ወለሉ ሲረጋ የሚሞቱ አሉ።

ስለ ልጁ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎት። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ሰው በእግሩ በረዶ ላይ ለመቆም ቢያንስ 4 ኢንች ውፍረት ያለው ንጹሕ በረዶ ያስፈልጋል ይላል። አንዳንድ ሐይቆች ላይ አየር የሚነፋ ማሽን ስለሚተከል ዙሪያው ይሳሳል፤ «ስስ በረዶ» የሚል ምልክት ካዩ አይጠጉ። ልጅዎ ኤሊ መርዳት ከፈለገ ጊዜው ሰኔ ነው። እናቶቹ እንቁላል ለመጣል መንገድ ሲያቋርጡ ብዙዎቹ በመኪና ይገጫሉ። መኪና የማይመጣ መሆኑ ሲረጋገጥ ከእርስዎ ጋር ሆኖ ኤሊዋን ቅርፊቷን በሁለት እጅ ይዞ፣ ፊቷን ወዳዞረችበት ጠርዝ ያሻግራት። ወደመጣችበት ከመለሳት ተመልሳ መንገዱ ላይ ትወጣለች። ከዚያ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ አካባቢ ጤና ጣቢያ ውስጥ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ታፍኖ የተወለደ ሕፃን በደቂቃዎች ውስጥ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ኤሊ ወራት ሙሉ ያለ ኦክስጅን ቆይታ አንጎሏ ምንም እንደማይሆን አነበብኩ። እውነት ከሆነ ከእሷ ተምረን ለሕፃናቱ የምናደርገው ነገር የለም? (ሲስተር ት.)

መልስ፦ ሲስተር፣ እውነት ነው። ከኤሊ የሚቀዳ መድኃኒት እስካሁን የለም፤ የብርዱ ነገር ግን ወደ ሕክምና ገብቷል። እርስዎ ባሉበት ቦታ ስለዚያ በጥንቃቄ ማወቅ ያለብዎት ነገር ስላለ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

የሰው አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የሚውለው ሶዲየምን ከነርቭ ሕዋስ ውጭ፣ ፖታሲየምን ውስጥ ለማቆየት ነው። ኤቲፒ ሲያልቅ ይህ ሥራ ይቆማል፤ ሶዲየምና ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይጎርፋሉ፣ ግሉታሜት የተባለው ቀስቃሽ ኬሚካል ያለ መጠን ይፈስሳል፣ ሕዋሱም ይሞታል። በሰው ላይ ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ያልቃል።

የኤሊዋ አንጎል ጉልበቱ ከማለቁ በፊት በሮቹን ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1986 የካናዳው ሳይንቲስት ፒተር ሆቻችካ ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነበር፤ ሶዲየምና ፖታሲየም የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ከተዘጉ የሚያፈስስ ነገር የለም፣ የሚያፈስስ ከሌለ መልሶ ለመግፋት የሚወጣ ጉልበትም አይኖርም። ፍሎሪዳ ውስጥ የሠራው ፒተር ሉትዝና ባልደረቦቹ ደግሞ ኦክስጅን ሲጠፋ በኤሊ አንጎል ውስጥ ጋባ የተባለው አረጋጊ ኬሚካል በብዛት እንደሚጨምር አሳዩ። እኛ አንጎል ውስጥ ግሉታሜት በሚፈስስበት ሰዓት እሷ ጋ የሚገነው አረጋጊው ነው። ነርቮቿ ዝም ይላሉ፤ ኤቲፒዋ ግን ደረጃውን ጠብቆ ይቆያል።

ሁለተኛውን ነገር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ኦክስጅን ተመልሶ ሲመጣ የሚያደርሰውን ጉዳት ማለቴ ነው። በሰው ልብና አንጎል ደም ሲመለስ የሚፈጠሩት አጥቂ የኦክስጅን ውሁዶች ከመታፈኑ የተረፈውን ሕዋስ ይጎዳሉ። ኤሊዋ ከወራት በኋላ አየር ስትስብ ይህ ጉዳት አይደርስባትም፤ ማይቶኮንድሪያዎቿ፣ ማለትም ጉልበት የሚመረትባቸው የሕዋሶቿ ክፍሎች፣ እነዚህን ውሁዶች እንዳያመርቱ አስቀድመው ይገታሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የባለቀለሟ ኤሊ ሙሉ የዘረመል ካርታ ሲታተም ብዙዎች ለእሷ ብቻ የተሰጠ ጂን ይገኛል ብለው ጠብቀው ነበር። የታየው ግን አከርካሪ ያላቸው እንስሳት ሁሉ በጋራ ያሏቸውን ጂኖች በተለየ መልክና መጠን እንደምታሠራቸው ነው። እኔ ተስፋዬን የጣልኩት እዚህ ላይ ነው፤ መሣሪያው እኛም ዘንድ አለና።

ወደ ብርዱ ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ኖርዌይ ውስጥ አና ቦገንሆልም የተባለች ስዊድናዊት ሐኪም በበረዶ መንሸራተቻ ስትሄድ ጅረት በጋገረው በረዶ ሥር ገብታ 80 ደቂቃ ቆየች። የሰውነቷ ሙቀት 13.7 ዲግሪ ወርዶ፣ ልቧ ቆሞ፣ ትሮምሶ ሆስፒታል ደረሰች፤ ዳነችም። መጀመሪያ ላይ በረዶው ሥር ትንሽ አየር አግኝታ ትተነፍስ ስለነበር ሰውነቷ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው ልቧ የቆመው። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉልኝ። ኤሊዋም ላይ እንዲሁ ነው፤ ብርዱ ይቀድማል፣ ኦክስጅን የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ታፍኖ የተወለደው ሕፃን ግን ኦክስጅን ያጣው በ37 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ እያለ ነው።

በበለጸጉ አገሮች የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች እንዲህ ዓይነት ሕፃናት በተወለዱ በ6 ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዝ ተጀምሮላቸው 33 እና 34 ዲግሪ መካከል ለ72 ሰዓት ይቆያሉ፤ ሞትንና የአንጎል ጉዳትንም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመውና ሕንድ፣ ስሪላንካና ባንግላዴሽ ውስጥ ባሉ ሆስፒታሎች የተካሄደው ሔሊክስ የተባለው ትልቅ ጥናት ማቀዝቀዙ እዚያ እንዳልጠቀመ፣ እንዲያውም የሞቱት ሕፃናት ከቀዘቀዙት መካከል እንደበዙ አሳይቷል። ስለዚህ ሲስተር፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሕፃን ማቀዝቀዝ አይሞከር። እጅዎ ላይ ያለው ነገር ከኤሊዋ ሁሉ ይበልጣል፤ ሕፃኑን ማድረቅ፣ ማሞቅ፣ ካልተነፈሰ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ ማናፈስ። ሳይንሱ ሌላ መድኃኒት እስኪሰጠን ድረስ አንጎል የሚድነው በዚያች ደቂቃ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ አባቴ ከብዙ ዓመት በፊት ከስምጥ ሸለቆ ያመጣት ትልቅ የምድር ኤሊ አለች፤ ቅርፊቷ ቢጫና ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ፈረንጆች ኤሊያቸውን ክረምት ላይ ፍሪጅ ውስጥ ሲያስተኙ ቪዲዮ አየሁ። የእኛዋም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ምግብ እምቢ ትላለች። እንደዚያ ባደርግላት ይጠቅማታል? (መ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ መ.፣ በፍጹም እንዳታደርገው። በቪዲዮው ያየሃቸው ከሜዲትራኒያን አካባቢ የመጡ፣ ክረምትን ተኝቶ ማለፍ ተፈጥሯቸው የሆነ ኤሊዎች ናቸው። አንተ የገለጽካት ነጠብጣባሟ የአፍሪካ የሣር ምድር ኤሊ ትመስለኛለች። ብርድ ሲመታት ትደነዝዛለች እንጂ እንደ ሚኒሶታዋ ራሷን አታዳፍንም፤ ብርዱ ከእርጥበት ጋር ሲሆን ሳንባዋ ይታመማል። ሐምሌ ላይ ምግብ እምቢ የምትለው በርዷት ነው። ዝናብ የማይገባበት፣ ከሲሚንቶ ወለል ከፍ ያለ፣ ደረቅ ጭድ የተነጠፈበት ማደሪያ ሥራላት፤ ፀሐይ ብቅ ባለ ቁጥር ትውጣ። በአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ ወይም አንገቷን ዘርግታ በአፏ ከተነፈሰች ሳትውል ሳታድር የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዳት። የዱር እንስሳ ናትና የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ስለ አያያዟና ስለ ፈቃዱ መጠየቅም ይገባል።

የእኛ አገር የውሃ ኤሊዎች ግን የራሳቸው ጥበብ አላቸው። በቆላ ኩሬዎች የምትገኘው ትንሿ ጥቁር የውሃ ኤሊ ኩሬዋ ሲደርቅ ጭቃው ውስጥ ተቀብራ ዝናቡን ትጠብቃለች። እዚያ የሚፈትናት ድርቁ ነው፤ አየር በአፈሩ በኩል ስለምታገኝ እንደ ሰሜን አሜሪካዋ አሲድ አይጠራቀምባትም።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ትልልቆቹ ኤሊዎች ውሃ ውስጥ ከከረሙ ልጆቻቸውስ የት ይከርማሉ? (ዳ.)

መልስ፦ ልጄ ዳ.፣ መልሱ ሳያስገርምህ አይቀርም፤ የባለቀለሟ ኤሊ ልጆች የሚከርሙት የብስ ላይ ነው። እናትየው ሰኔ ላይ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ጉድጓድ ቆፍራ እንቁላሏን ትጥላለች። ልጆቹ ነሐሴ አካባቢ ይፈለፈላሉ፤ በሰሜን በኩል ግን አብዛኞቹ ከጉድጓዱ አይወጡም። ከበረዷማው አፈር ሥር፣ ከዜሮ በታች በሚወርድ ብርድ ውስጥ እስከ ጸደይ ይቆያሉ። የአንዳቸው መጠን ከብር ሳንቲም ብዙም አይበልጥም።

እዚህ ላይ ሳይንቲስቶች ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። በኦታዋ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ ኬኔት ስቶሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት ጨቅላዎቹ ከሰውነታቸው ውሃ ግማሽ ገደማው ረግቶ እንኳ ሲቀልጥ ተነሥተው እንደሚሄዱ አሳዩ። ይህ የሚሆነው ግን ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ብቻ ሲወርድ ነው። ጋሪና ሜሪ ፓካርድ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ደግሞ ዋናው መንገድ ሌላ ነው አሉ፤ የጨቅላዎቹ የሰውነት ፈሳሽ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወርዶም ሳይረጋ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። ውሃ እንዲረጋ መነሻ የሚሆነው ቅንጣት ይፈልጋል፤ አቧራ፣ አንዳንድ ባክቴሪያ፣ ወይም ትንሽ የበረዶ ፍንጣሪ። የጨቅላዎቹ ቆዳ የውጪውን በረዶ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይከላከላል፤ ውስጣቸው መነሻ ካላገኘ አይረጋም። ለከባዱ ብርድ የፓካርዶቹ ማብራሪያ ነው የሚያሳምነኝ፤ ለቀላሉ ብርድ የስቶሪ መንገድ እንደሚሠራ ግን በቤተ ሙከራ ታይቷል።

ይህን ራስህ ልታየው ትችላለህ። ያልተከፈተ የሃይላንድ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙሱ እንዳለ ፍሪዘር ውስጥ አጋድመህ አስቀምጥ፤ የመስታወት ጠርሙስ ስለሚፈነዳ አትጠቀም። ጎኑ ሌላ ጠርሙስ የቧንቧ ውሃ ሞልተህ አኑር። ሁለት ሰዓት አካባቢ ከቆየ በኋላ ሳትነካካ እየከፈትክ ተመልከት። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚረጋው የቧንቧው ነው። የታሸገው ገና ፈሳሽ ሆኖ ካገኘኸው በቀስታ አውጣና ጠረጴዛው ላይ መታ አድርገው፤ ዓይንህ እያየ በረዶው ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ ጠርሙሱን ያዳርሰዋል። ካልሆነልህ ፍሪዘሩን ትንሽ ቀንሰህ ድገመው። ስንት ሰዓት እንደቆየና የትኛው ቀድሞ እንደረጋ መዝግበህ ላክልኝ፤ ለሚቀጥለው እትም ከክፍል ጓደኞችህ ውጤት ጋር አብሬ አወጣዋለሁ።